ገዢ የማይከፍልበት ግራናይት

ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከደላላ በፊት የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ቀለሙ ሲያልቅ ኮርኒሱ በጂፕሰም ይቀየራል፣ የሳሎኑ ወለል ፖርሴሊን ይለብሳል፣ ማብሰያ ቤቱም ባለ ግራናይት ካቢኔት ይገባለታል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ስሌት አንድ ነው፤ ያወጣሁት ገንዘብ ዋጋው ላይ ይደመራል፣ ከላዩም ትርፍ አገኝበታለሁ የሚል። ደላላው ስሌቱን የሚቃወምበት ምክንያት የለውም። ያማረ ቤት ለማሳየት ይቀላል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ለእድሳቱ የወጣው ገንዘብ ደግሞ ከእሱ ኪስ አልወጣም። ስሌቱ ግን በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። ገዢ ለሻጩ ምርጫ የሚከፍለው ጥቂት ነው፤ ደህና አድርጎ የሚከፍለው ከራሱ ላይ ለሚነሳለት ስጋትና ጣጣ ነው። ውሃ ይጠፋብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ለሮቶና ለፓምፕ ይከፍላል። ጣሪያው ያፈስ ይሆን ብሎ የሚጠረጥር፣ ከክረምት በኋላ ጠብታ ያላረፈበት ኮርኒስ ሲያይ ይከፍላል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና ግቢው ውስጥ የቆመው ቤት አይገጥሙ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ደግሞ ለተስተካከለ ሰነድ ይከፍላል። ለግራናይቱ የሚከፍለው እሱም ያንኑ ዓይነት የሚወድ ሆኖ ከተገኘ ነው፤ ካልወደደው የማንሻውን ወጪ አስቦ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የብዙ ዓመት መረጃ የሚገኘው ከአሜሪካ ነው። «ሪሞዴሊንግ» የተባለው የቤት እድሳት ሙያ መጽሔት ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የእያንዳንዱን የእድሳት ዓይነት ወጪ፣ ቤቱ ሲሸጥ ይመለሳል ተብሎ ከሚገመተው ገንዘብ ጋር እያነጻጸረ ዘገባ ሲያወጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ዘገባ አንደኛ የወጣው የተንጣለለ ማብሰያ ቤት ወይም ባለ እምነ በረድ መታጠቢያ አይደለም፤ የጋራዥ በር ነው። ወደ 4,500 ዶላር የሚያስወጣው በር የቤቱን መሸጫ በ8,750 ዶላር ገደማ ከፍ ያደርጋል ተብሎ ተገምቷል፤ ከወጪው 194 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለተኛ የመጣው የብረት የመግቢያ በር ሲሆን 188 በመቶ ይመልሳል። ማብሰያ ቤት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ያስተምራል። የካቢኔቱን አካል ሳይነኩ በሮቹን፣ ጠረጴዛውን፣ ምድጃውንና የመሳሰሉትን ብቻ የሚቀይረው መለስተኛ እድሳት 27,500 ዶላር ያህል ወስዶ 96 በመቶውን ሲመልስ፣ ሁሉን ነቅሎ በውድ ዕቃ የሚተካው እድሳት ግን 158 ሺህ ዶላር በልቶ የሚመልሰው 38 በመቶውን ነው። ወደ 340 ሺህ ዶላር የሚፈጀው ባለ ቅንጦት የመኝታ ክፍል ጭማሪማ 24 በመቶ ላይ ቀርቷል። ወጪው ባደገ ቁጥር የሚመለሰው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መቀበል ግን አያስፈልግም። ወጪው ከግንባታ ገበያው የተሰላ ቢሆንም ይመለሳል የተባለው ገንዘብ የደላሎችና የሽያጭ ወኪሎች ግምት እንጂ በተፈጸሙ ሽያጮች ላይ የተለካ ትርፍ አይደለም። ወኪል ደግሞ ከመንገድ ሆኖ የሚታየውን በር ከግድግዳ ውስጥ ቧንቧ በተሻለ ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ስለዚህ 194 የሚለው አኃዝ ራሱ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ርካሹና ተራው ጥገና ከላይ፣ ውዱና ከባለቤቱ ፍላጎት የተወለደው ከታች። ለዚህ ምክንያት መስጠት አይከብድም። የጋራዡ በር ዝጎና ተጣምሞ ከቆመ ገዢው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ይህን ያላደሰ ሰው ጣሪያውንስ መቼ ነው ያየው?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። በሩ የሚያስገኘው ገንዘብ የበሩ ዋጋ አይደለም፣ የተወገደው ጥርጣሬ ዋጋ ነው። የቅንጦት መኝታ ክፍል የሚያስወግደው ጥርጣሬ የለም። ሻጩ ያለመውን አልሞ ሠርቶታል፤ ገዢው ደግሞ የራሱ ሕልም አለው።

«የአሜሪካ ገበያ ሌላ፣ የእኛ ሌላ» የሚል ሰው እውነት አለው፤ ልዩነቱ ግን ክርክሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሸጥ በሕግ ፊት የሚሸጠውና በገበያ የሚከፈልበት ነገር አንድ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቦታ በግል አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶ፣ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ብሏል። ይኸው አንቀጽ ግን ዜጋው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ መሸጥም ማውረስም ይችላል። በወረቀት ላይ እንግዲህ የሚሸጠው ግድግዳው፣ ጣሪያውና የተጨመረው ማሻሻያ ነው። በገበያው ግን ድርድሩ የሚጀምረው «የት ሰፈር? ስንት ካሬ? ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ? መንገዱ ስንት ሜትር ነው?» ከሚሉ ጥያቄዎች ነው፤ ስለ ቤቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ዋጋ አለው የሚለው ማሻሻያ በገበያው የዋጋውን ትንሹን ክፍል ይይዛል፤ አይሸጥም የተባለው ቦታ ደግሞ ትልቁን። ያሳደሰውን ሁሉ ዋጋው ላይ ለመደመር የሚሞክር ሻጭ ከዚህ እውነት ጋር ይጋጫል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው ከዋና መንገድ ዳር ባሉ አሮጌ ግቢዎች ላይ ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ባለ ፎቅ እንዲሠራ በሚፈቅድበት ቦታ ላይ የቆመ ቪላ ሲሸጥ፣ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሊኖርበት ሳይሆን ሊያፈርሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተወለወለው ፓርኬ፣ የተቀየረው መስኮት፣ ከውጭ የመጣው የመታጠቢያ ገንዳ ዋጋቸው ዜሮ ነው። እንዲያውም ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ ማፍረሻና ፍርስራሽ ማንሻ ወጪ አለበትና። በአሜሪካም ያው ነው፤ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች የሚገዙት ለቦታቸው ነው፤ ከዚያ ይፈርሱና ትልቅ ቤት ይተካባቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ያለ ባለቤት ከማንኛውም እድሳት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «የትኛው ቀለም ያምራል?» ሳይሆን «ገዢዬ ማን ነው?» የሚል ነው። ገዢው አፍራሽ ከሆነ የሚጠቅመው ሥራ ሌላ ነው፦ የግቢውን ወሰን ማስለካት፣ ከጎረቤት ጋር ያለ የአጥር ክርክር ካለ መጨረስ፣ ውርስ ከሆነ የወራሾችን ሁሉ ስምምነት ማምጣት። እነዚህ ሥራዎች ከአንድ ክፍል ሴራሚክ በታች ያስወጡ ይሆናል፤ የማይጨርሷቸው ሰዎች ግን ገዢ ይሸሻቸዋል፣ ወይም የሚመጣው ችግሩን አስልቶ ዋጋ የሚሰብር ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ይለያል፤ ክርክሩም የሚፈተነው እዚህ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመንግሥት የተገነቡት ቤቶች በዕጣ ለባለዕድሉ ሲተላለፉ የኖሩት በአብዛኛው የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ ነው፤ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የውስጥ በሮቹን፣ የማብሰያ ቤቱን ዕቃ ማሟላት የነዋሪው ፈንታ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ፊኒሺንጉ ያለቀለት ቤት ካላለቀለት በደህና ልዩነት ይሸጣል። ይህን አይቶ «ይኸው እድሳት ያዋጣል» የሚል ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየደመረ ነው። ሊኖሩበት የማይቻለውን ቤት ሊኖሩበት የሚቻል ማድረግ ከገዢው ላይ የወራት ጣጣን ያነሳል፦ አናጺና ሴራሚክ ሠሪ ማፈላለግ፣ አሸዋና ሲሚንቶ ደረጃ ለደረጃ ማሸከም፣ በዚያ ላይ ለሌላ ቤት ኪራይ መክፈል። ለዚህ ገዢ ይከፍላል። ከዚያ መስመር ካለፈ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ብር ግን መመለሱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የአንድ ብሎክ ቤቶች እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። ገዢው በዚያው ደረጃ ላይ ያለ፣ መደበኛ ሴራሚክና ደህና ካቢኔት ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስንት እንደሚሸጥ ያውቃል። በጌጥ የተንቆጠቆጠው የአንድ ሰው ቤት ከዚያ ጣሪያ ብዙ አይርቅም። ፎቁም አለ። ሊፍት በሌላቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ከመጀመሪያው ፎቅ ባነሰ ይሸጣል፤ ይህን ልዩነት ደግሞ ግራናይት አያጠፋውም።

ግራናይት የማያጠፋውን ግን አንዳንዴ ሮቶ ያጠብበዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በተለይ ግፊቱ ወደ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ብሎክ፣ በሚገባ የተገጠመ የውሃ ማጠራቀሚያና ፓምፕ የቤቱን ዕለታዊ ኑሮ ይለውጠዋል። ከዚያ ቀጥሎ የማስቀምጠው መብራትን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ ዕቃ ነው፤ ቀጭን ሽቦ በተዘረጋበት ቤት ውስጥ ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ለምጣዱ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር የተዘረጋለት ቤት ይህን ችግር ለሚያውቅ ገዢ፣ ያውም ዛሬ የማያውቀው ጥቂት ነው፣ ግልጽ ጥቅም አለው። የሽንት ቤቱ ወለል ወደታች ቤት እንዳያሰርግ መከላከያ ተደርጎበት መሠራቱ ሌላው ነው፤ ከታች ጎረቤት ጋር በፍሳሽ የተጣላ ቤት ሲሸጥ ጠቡም አብሮ ይሸጣል። እነዚህ ሥራዎች ፎቶ ላይ አያምሩም። የሽያጭ ማስታወቂያ ላይም «ያማረ ፊኒሺንግ» እንጂ «ራሱን የቻለ የምጣድ መስመር» ተብሎ ሲጻፍ አይታይም፤ ይህ የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ጉድለት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ይመጣል። «ቤቴን አሳድሼ ከገዛሁበት እጥፍ በላይ ሸጥኩ፤ አሁን ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያለውም ሐሰት አይደለም። የሚሳሳተው ምክንያቱን ሲናገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ውስጥ ምንም ያልተነካ ቤትም በብር ሲቆጠር ዋጋው ያድጋል። የእድሳቱን ድርሻ ለማወቅ የሚነጻጸረው የገዙበትና የሸጡበት ዋጋ ሳይሆን የታደሰውና ያልታደሰው ቤት በአንድ ወቅት የተሸጡበት ዋጋ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ቤት በ3 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ፣ 800 ሺህ ብር ወጥቶበት ታድሶ፣ ከዓመታት በኋላ በ7 ሚሊዮን ተሸጠ እንበል። ባለቤቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ አተረፍኩ ይላል። እንደሱ ያለው የጎረቤት ቤት ሳይታደስ በ6 ሚሊዮን ተኩል ከተሸጠ ግን እድሳቱ ያስገኘው 500 ሺህ ብር ነው፤ 300 ሺህ ብር ጠፍቷል፣ ያውም በመካከሉ ብሩ የተዳከመው ሳይቆጠር። ቀሪው ጭማሪ የሰፈሩና የንረቱ ነው። እርግጥ የዚህ ክርክር ሌላ ገጽታ አለ። ሴራሚኩና የቧንቧ ዕቃው አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከምንዛሪው ለውጥ በፊት ያስጨረሰ ሰው ዛሬ በዚያ ገንዘብ የማይሠራ ሥራ በእጁ አለ፤ ገዢውም ይህን ያውቃል። ይህ ግን ዕቃን ቀድሞ የመግዛት ጥቅም ነው፤ ሲሚንቶ ወይም ብረት ገዝቶ ያስቀመጠ ሰውም ያገኘው ነበር።

ክፍል መጨመርስ? ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች ደርድሮ ያከራያል፤ ገዢም ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው ወርሃዊ ኪራዩ ነው። ይህ ከጌጥ ሁሉ የተሻለ መከራከሪያ ነው፤ ገቢ የሚያስገኝ ክፍል ጣዕም አይጠይቅም፣ ማንም ገዢ በቁጥር ይረዳዋል። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ይከተሉታል። አንደኛው ኪራዩ ራሱ ነው፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ እንዲመዘገብና ጭማሪው የሚመለከተው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ስለሚያደርግ፣ «ቆይቶ ኪራዩን ትጨምርበታለህ» የሚለው የሻጭ ቃል እንደ ድሮው አይሠራም። ሁለተኛውና የከበደው ፈቃድ ነው። ያለ ግንባታ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል በካርታውና በፕላኑ ላይ የለም። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ የባንኩ ገማች መሐንዲስ የሚያየው ሰነዱ የሚያውቀውን ቤት ነው፤ ሰነድ የማያውቀውን ክፍል ሻጩ ዋጋ ላይ ቢደምረው ባንኩ አይደምርለትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም ካሳ የሚያስበው ለሕጋዊ ባለይዞታ፣ መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ብዙ የመንገድ ዳር ግቢዎችን በነካበት ከተማ ውስጥ፣ ፈቃድ ያለውና የሌለው ክፍል ልዩነት ከእንግዲህ የቢሮ ወሬ ብቻ አይደለም። ገዢዎችም ይህን በደንብ ተምረዋል፤ ዛሬ ኮርኒሱን ከማየታቸው በፊት ካርታውን ፎቶ አንስተው ወደሚያውቁት የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ይልካሉ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ፈቃድ ክፍል ከመጨመር ጋር የሚመሳሰለው ባልኮኒን በአልሙኒየም ዘግቶ ክፍል ማድረግና ግድግዳ ማፍረስ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤቱን ከጋራ መጠቀሚያው ይለያል፤ የሕንፃው የጋራ አካል የሁሉም ባለቤቶች ነው። ውጫዊ ገጽታውን የነካ ወይም ሕንፃውን የተሸከመውን አካል የቆረጠ ሰው ማሻሻያ ሳይሆን ዕዳ ጨምሯል። ምሰሶ መቦርቦርማ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ሞኝነት ነው፤ የአንድ ሰው ሳሎን ሰፍቶ የሃያ ቤተሰብ ሕንፃ ይዳከማል።

«ቤት የሚሠራው ሊኖሩበት እንጂ ሊሸጡት አይደለም፤ ሁሉን በገዢ ዓይን ካየን ኑሮው የት አለ?» የሚለውን መቃወሚያ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የአሜሪካ ሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር እንኳ በእድሳት ጥናቱ ውስጥ ከተመላሽ ገንዘቡ ጎን የባለቤቱን ደስታ ከአስር ነጥብ የሚለካበት ረድፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ አሮጌ የእንጨት ወለልን ፈግፍጎ እንደገና መወልወል ወጪውን 147 በመቶ ከመመለሱም በላይ በደስታው መለኪያ አስር ከአስር አግኝቷል፤ ሁለቱ ሁልጊዜ ይጣላሉ ማለት አይደለም እንግዲህ። አስር ዓመት የሚኖርበትን ማብሰያ ቤት በሚወደው ግራናይት የሚያስጌጥ ሰው ገንዘቡን አላባከነም፤ በየቀኑ እየተጠቀመበት ነው፣ ሲሸጠው ያልተመለሰው ገንዘብ የተጠቀመበት ዋጋ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለደስታ የወጣው ገንዘብ እንደ ንግድ ሲቆጠር፣ በተለይም ቤቱ ለሽያጭ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ተበድረው ሲያወጡት ነው። ሻጩ አይኖርበትም፣ ገዢው አልመረጠውም፤ በዚያ ግራናይት የሚደሰተው ካቢኔት ሠሪው ብቻ ነው።

ውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለውን ቤት በስልክ የሚያስጨርስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዝነው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ በለመደው ዓይን ነው፤ ክፍት ማብሰያ ቤት፣ መሐል ላይ የቆመ ጠረጴዛ፣ ሰፊ መታጠቢያ። የአገር ቤት ገዢ ግን በርበሬ የሚቆላበትና እንጀራ የሚጋገርበት፣ ጢሱ ሳሎን የማይደርስ ማድቤት መኖሩን ይጠይቃል፤ ክፍቱን ማብሰያ ቤት አድንቆ ማድቤቱን ፍለጋ ወደ ጓሮ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ላለው ቤት ደግሞ ገበያው ብቻ ሳይሆን ግብሩም ይቆጠራል። ሕጉ ከሽያጩ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን ዓመት የኖረበትን ቤት የሚሸጥ ሰው ከትርፉ እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ አብረው ግብር የሚያስታውቁ ባልና ሚስት እስከ 500 ሺህ ዶላር ከግብር ነፃ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ትርፍ ካለ፣ ለማሻሻያ የወጣው ገንዘብ በቤቱ የግዢ ዋጋ ላይ ተደምሮ ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ ይቀንሳል። ተራ ጥገና ግን አይደመርም፤ አዲስ ጣሪያ ይደመራል፣ የፈሰሰ ቧንቧ ማስጠገን አይደመርም። ገዢ ያልከፈለበት እድሳት እንኳ ደረሰኙ ከተቀመጠ በዚህ በኩል ጥቂት ይመልሳል።

ደረሰኝ የሚያስፈልገው ለግብር ብቻ አይደለም። ከላይ ይከፈልባቸዋል ያልኳቸው ሥራዎች፣ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ የወለሉ የውሃ መከላከያ፣ አብዛኛዎቹ ሲያልቁ ልስንና ሴራሚክ ይሸፍናቸዋል። ገዢ ያላየውን አያምንም፣ ባያምን ደግሞ ልክ ነው፤ አንዳንዱ ሻጭ አዲስ ቀለም የሚያስቀባው የእርጥበቱን ምልክት ለመሸፈን ነውና። ለዚህ ነው ትኩስ ቀለም አንዳንዴ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ የሚያስጠረጥረው፤ ልምድ ያለው ገዢ ቀለሙ ገና የሚሸት ቤት ሲገባ የግድግዳውን ግርጌ፣ ዞኮሎው የሚያርፍበትን ቦታ በእጁ ይዳስሳል። በአንጻሩ ቧንቧው ከመለሰኑ በፊት በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ የሽቦው ውፍረት የተጻፈበት የዕቃ ደረሰኝ፣ የሠራው ባለሙያ ስልክ፣ ለተጨመረው ክፍል የወጣው ፈቃድና ፕላን በአንድ ፋይል ተይዘው ከካርታው ጋር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ድርድሩ ይለወጣል። ገዢው «ይህን ሁሉ እንደገና ማሠራቴ ስለማይቀር» ብሎ ዋጋ የሚቀንስበትን ምክንያት ያጣል። ቤቱን የሚሸጥበት ቀን ገና ያልታየው ሰው ይህን ፋይል የሚጀምርበት ጊዜ ልስን ሠሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ግድግዳው አንዴ ከተዘጋ በኋላ ፎቶውን ማግኘት የሚቻለው ሴራሚኩን በመስበር ብቻ ነው።